የመኪናው የፊት እግር ሲንኳኳ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

ከሮቤ ወደ ጎባ የሚወስደው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአስፋልት መንገድ ስለ ተሽከርካሪ ጤንነት ብዙ አይናገርም። ቦኮላው ያለቀ፣ ብሎኑ የላላ መኪና እንኳ በዚያ መንገድ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ሊሄድ ይችላል። ጎባ ታልፎ የሳነቴ አቀበት ሲጀመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ኮረኮንቹ ጎማውን በየደቂቃው ብዙ ጊዜ ይመታዋል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አምባ ላይ ቅዝቃዜው ላስቲኩን ያደርቃል፤ ከዚያም መንገዱ በሐረና ደን ውስጥ አድርጎ ሪራን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ደሎ መና ቁልቁል ይወርዳል። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይህን ያህል ከፍታ የሚወጣና የሚወርድ መኪና፣ የፊት እግሩ ውስጥ የተደበቀ ጉድለት ካለ፣ ማሰማቱ አይቀርም።

ተሽከርካሪ ያላቸው የሰበካ ጉባኤያትና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ደጋግመው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ፣ «መኪናችን ከፊት በኩል ይንኳኳል፤ ምን እንግዛ?» የሚል ነው። መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ገና ምንም አይግዙ። ይህን የምንለው ከሌሎች ስሕተት ብቻ ሳይሆን ከራሳችን ስሕተት ተምረን ነው።

በምንገለገልበት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ላይ ከግራ የፊት ጎማ አካባቢ የሚሰማ ኳኳታ ነበረ። ያየው ጋራዥ መኪናውን በእጁ ወደ ታች ጫን ጫን አደረገና «አሞርዛተሩ ሞቷል» አለን። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ ሁለት አዲስ አሞርዛተር ተገዝቶ ተገጠመ። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ድምፁ እንደ ነበረ ነው። በሁለተኛው ዙር ቦል ጆይንት ተቀየረ፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ መኪናውን ሳይነኩ «መቼ ነው የሚንኳኳው? ሁለቱም ጎማ እኩል ሲዘል ነው ወይስ አንዱ ብቻ ሲዘል?» ብለው ጠየቁን። ማንም ይህን ጠይቆን አያውቅም ነበር። ሁለቱም ጎማ እኩል በሚወጣበት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ዝም ይላል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ግን ይጮኻል። እርሳቸውም ከመኪናው ሥር ገብተው የስታብላይዘሩን አጭር ማገናኛ ዘንግ በእጃቸው ያዙና አወዛወዙት፤ እዚያው «ቀጭ ቀጭ» አለ። ያ ዘንግ የአንዱን አሞርዛተር ዋጋ ሩብ እንኳ አያወጣም። ያወረድናቸው አሮጌ አሞርዛተሮችም ደኅና ነበሩ፤ ዛሬም በመጋዘናችን ተቀምጠዋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ሁለተኛው ገጠመኝ ግን ከገንዘብ ኪሳራ ያለፈ ነው። በአንድ አጥቢያ ሹፌሩ ለሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ቀርቦ፣ «መምሬ፣ መሪውን ሳዞር ከቀኝ ጎማ በኩል ‘ቀጭ’ የሚል ነገር አለ፤ ቢታይ ጥሩ ነው» አላቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ባለፈው ወር ጎማ ተገዝቶልሃል፤ አሁን ደግሞ ሌላ ወጪ አመጣህ?» አሉት። ሹፌሩ ዳግመኛ አልጠየቀም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መኪናው ወደ ግቢው በር በዝግታ ሲታጠፍ የታችኛው ቦል ጆይንት ከመቀመጫው ወጣ፤ ጎማውም ወደ ውስጥ ተኝቶ መከላከያውን ገጨ። ሰው አልተጎዳም። ያው መኪና ግን ከሦስት ቀን በኋላ ስምንት ሰው ጭኖ ወደ ሪራ ሊወርድ ቀጠሮ ነበረው። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የምእመናንን ገንዘብ የሚጠብቁ፣ የሹፌርና የጋራዥ ሽርክና ብዙ ጊዜ ያዩ አባት ናቸው። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቱ ድምፅ ሊቆይ እንደሚችል፣ የቱ ደግሞ መኪናውን በዚያው ቀን እንደሚያስቆም የሚለይ ዕውቀት።

ለዚህ መጀመሪያ መኪናው የትኛውን ዓይነት እግር እንደ ያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገልግሎት ላይ ያሉት አብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ከሁለት ዓይነት አይወጡም። አንደኛው ሁለቱን የፊት ጎማዎች አንድ ደረቅ አክስል የሚያያይዛቸው ነው፤ ሃርድቶፕ የምንለው ላንድ ክሩዘር ከዚህ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1999 የተሠሩት ከፊትም በባሌስትራ ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ከፊት ሞላ አላቸው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚዘልበት፣ ላይና ታች ባሉ ክንዶችና በቦል ጆይንት የተያዘ ነው፤ የቅርብ ጊዜዎቹ ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች እንዲህ ናቸው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቦኮላ፣ አሞርዛተር የሚሉት ስሞች ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ ባሌስትራ በጣሊያንኛ የቀስት መሣሪያ ስም መሆኑን ያወቀ ሰው የዕቃውን ጠባይም አብሮ ያውቃል። ክብደት ሲያርፍበት ይለጠጣል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። መመለሱን የሚያረጋጋው አሞርዛተሩ ነው። ቦኮላው ደግሞ ብረት ከብረት እንዳይገናኝ በመካከል የሚገባ ላስቲክ ነው፤ ኳኳታ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ከብረት ጋር መገናኘቱ ነው።

ድምፁን ለመለየት ከሹፌሩ ጎን ሌላ ሰው ተቀምጦ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በዝግታ መንዳት ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻውና መለዋወጫ ጎማው በሚገባ መታሰራቸው ይረጋገጥ፤ ከወንበር ሥር የላላ ክሪክ ብዙ መካኒክ አሳስቷል። ጥቃቅን ጠጠር ላይ በዝግታ ሲነዳ ቶሎ ቶሎ የሚል ቀጭን ኳኳታ ከተሰማ ሹፌሩ የፍሬኑን ፔዳል በቀስታ ነካ ያድርግ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ የላላው የፍሬን ሸራው እንጂ እግሩ አይደለም። ካልጠፋ የስታብላይዘር ማገናኛው፣ የስታብላይዘሩ ላስቲክ ወይም የአሞርዛተሩ የላይና የታች ጎሚኒ ይጠረጠራል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ «ዷ» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ የክንዱ ቦኮላ አልቋል፣ ወይም አሞርዛተሩ ደክሞ እግሩ እስከ መጨረሻው እየተመታ ነው።

መኪናው ሲነሣና ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ድምፅ ሌላ ነገር ይናገራል። በሃርድቶፕ ላይ አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዙት የረጃጅም ክንዶች ቦኮላዎች፣ በባለ ባሌስትራው ደግሞ የባሌስትራው ጆሮ ቦኮላ ወይም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቆልማማ ብሎኖች መላላት ነው። የእነዚህ ብሎኖች መላላት ቀላል ነገር አይደለም፤ አክስሉ ከቦታው እንዲንሸራተት ያደርጋል። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር «ቀጭ» የሚለው፣ ያ ሹፌር የነገራቸው ድምፅ፣ ከቦል ጆይንት ወይም ከመሪ ቴስቲኒ ይመጣል። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ፣ በተለይም በአንድ ወገን መታጠፊያ ላይ የሚያይል ከሆነ፣ የጎማው ኩሽኔት ነው።

«ሲጢጥ» የሚለው የላስቲክ ጩኸት ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስደነግጥ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን አደጋው የሚያንስ ነው። በባሌ ደጋ ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ላስቲኩ በብርድ ስለሚደርቅ ጠዋት ይጮኻል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይተዋል። የትኛው ቦኮላ እንደሚጮኽ ለማወቅ ሳሙና ያለበት ውኃ በተራ በተራ እያንዳንዱ ቦኮላ ላይ ማፍሰስና በየጊዜው መኪናውን ማወዛወዝ ነው፤ ድምፁ የተቋረጠበት እርሱ ነው። ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ከሥር ማስረጨት በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ልማዱ እንዲቀር እንመክራለን። ለአንድ ሳምንት ዝም ያሰኛል፤ ላስቲኩን ግን አሳብጦ ያበሰብሰዋል፤ አቧራም ይሰበስባል።

በጆሮ የተጠረጠረው በእጅ መረጋገጥ አለበት። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ወፍራም ግንድ ወይም የብረት መደገፊያ ከሻንሲው ሥር ይደረግ። ጎማው ከመሬት ሲነሣ መካኒኩ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቅንቀው። ክፍተት ከተሰማ ረዳቱ የፍሬኑን ፔዳል አጥብቆ ይርገጥና እንደገና ይነቅንቀው። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔቱ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው፤ በሃርድቶፕ ከሆነ ደግሞ መሪው የሚዞርበት የአክስል ጫፍ ኩሽኔት ነው። ከዚያ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ፤ በዚህ አቅጣጫ የሚሰማ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ የመሪ ቴስቲኒ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠራው ሃይሉክስ ሞላው የሚያርፈው በታችኛው ክንድ ላይ ነው። መኪናው ከሻንሲው ተነሥቶ እግሩ ተንጠልጥሎ ከተመረመረ ሞላው ክንዱን ወደ ታች ስለሚገፋው ቦል ጆይንቱ ተወጥሮ ይያዛል፤ ያለቀው እንኳ ደኅና ይመስላል። ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር ገብቶ ጎማው ጥቂት ከመሬት ከፍ ሲል ነው ክፍተቱ የሚታየው። ያን ጊዜ ረጅም ብረት ከጎማው ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ማንሣትና ቦል ጆይንቱን በዓይን ማየት ይበቃል። የሰበካ ጉባኤው ተወካይ በምርመራው ጊዜ ቢገኝ መካኒኩን ክሪኩን የት እንዳስገባው ይጠይቅ፤ ጥያቄው ብቻውን ሥራውን ያስተካክለዋል።

አሞርዛተርን በተመለከተ፣ መኪናን በእጅ ጫን እያሉ መገመት ለቀላል የቤት መኪና እንጂ ጠንካራ ሞላ ላላቸው ፒክአፖች ብዙም አያገለግልም። ዘይት ያፈሰሰ፣ ዘንጉ የጎበጠ አሞርዛተር ያለ ክርክር ይቀየራል። ከዚህ ውጭ ያለውን ለማወቅ የሳነቴ መንገድ ራሱ መመርመሪያ ነው። አሞርዛተር የሚሠራው ዝላዩን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በኮረኮንች ላይ ከተነዳ በኋላ ሁለቱም መሞቅ አለባቸው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ፣ የቀዘቀዘው ሥራ አቁሟል ማለት ነው። እጅን በቀጥታ ሳያሳርፉ በመጀመሪያ አስጠግቶ መፈተሽ ይገባል፤ ሊያቃጥል ይችላልና።

የአካባቢያችን አፈርም የራሱ ድርሻ አለው። የሲናናና የአጋርፋ ስንዴ አብቃይ ጥቁር አፈር በዝናብ ጊዜ ከእግሩ ዕቃዎች ጋር ተጣብቆ ይደርቃል፤ ሲደርቅም የቦል ጆይንቱንና የቴስቲኒውን የላስቲክ ሽፋን ይቀድደዋል። ሽፋኑ የተቀደደ መገጣጠሚያ ውስጡ ያለው ግራሶ ይወጣል፤ ጭቃና አቧራ ይገባበታል፤ ዕድሜውም ከዚያች ቀን ጀምሮ አጭር ነው። ስለዚህ ከጭቃ ጉዞ መልስ ከሥር በንጹሕ ውኃ ማጠብና ሽፋኖቹን ማየት ከማናቸውም ጥገና የረከሰ ነው። ግራሶ መግቢያ ያላቸው መገጣጠሚያዎችም አሮጌው ግራሶ እስኪወጣ ድረስ በየጊዜው ይሞሉ።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ ለመቆየትና ለመቆም ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። የሚጮኽ ቦኮላና የላላ የስታብላይዘር ማገናኛ እስከሚቀጥለው ወር በጀት ድረስ በጥንቃቄ ሊነዱ ይችላሉ። ክፍተት የታየበት ቦል ጆይንት፣ የመሪ ቴስቲኒ፣ ኩሽኔት፣ እንዲሁም የላላ የባሌስትራ ማሠሪያ ብሎንና የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል ግን መኪናውን በቆመበት ያቆማሉ። በተለይም ቦል ጆይንትን ወይም ቴስቲኒን በብየዳ አጥብቆ መመለስ ፈጽሞ አይፈቀድ። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ቦኮላ ለባሌስትራ ጆሮ ሲሠራ አይተናል፤ ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ለአጭር ርቀት እንደሚረዳም አንክድም። ለክንዶች ግን አይሆንም፤ በዚያ ቦታ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ መጠምዘዝ ስላለበት ተቆርጦ የገባ ጎማ በጥቂት ቀን ተፈርፍሮ ይወጣል።

ቦኮላ በተቀየረ ጊዜ መታለፍ የሌለበት አንድ ሥራ ደግሞ የማጥበቂያው ጊዜ ነው። እግሩ በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው እስከ መጨረሻው ከተጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲረግጥ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ዓመታት ሊያገለግል የሚችለው ቦኮላ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ሰዎች «አዲሱ ዕቃ የማይረባ ነው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ዳዶው በመጀመሪያ ለቀቅ ብሎ ይታሰር፤ መኪናው በአራቱም ጎማ ከቆመ በኋላ ይጥበቅ። የቦል ጆይንትና የቴስቲኒ ዳዶዎች ኮፒሊያ የሚባለው መቆለፊያ አዲስ ይደረግላቸው፤ አሮጌውን አቃንቶ መመለስ ወይም ተራ ሽቦ ማሰር አይገባም። የባሌስትራ ማሠሪያ ብሎኖችም ከተቀየሩ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። አሞርዛተር ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየራል። ክንድ ወይም ቴስቲኒ ከተነካ ደግሞ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ ካልተሠራ አዲሱ ጎማ በአንድ ወገን ተበልቶ ያልቃል።

ስለ ግዥው ለሰበካ ጉባኤያት ልዩ ማሳሰቢያ አለን። በፕሮፎርማው ላይ «የፊት እግር ዕቃ» ወይም «ቦል ጆይንት 2» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ሦስቱ ሱቆች ሦስት የተለያየ ዕቃ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ዝቅተኛውን መምረጥም ትርጉም ያጣል። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ዕቃው የላይ ወይም የታች፣ የግራ ወይም የቀኝ መሆኑ፣ ዕቃው የየትኛው አምራች እንዲሆን እንደሚፈለግም ይጻፍ። ሕይወት የሚይዙት ዕቃዎች፣ ማለትም ቦል ጆይንት፣ ቴስቲኒና ኩሽኔት፣ በዋጋ ዝቅተኛነት ብቻ ባይመረጡ ደስ ይለናል። የወለቀው አሮጌ ዕቃ ለንብረት ክፍል ገቢ ይደረግ፤ ኮሚቴውም በእጁ ይዞ ክፍተቱን ይየው። ይህ አሠራር ከጥርጣሬ ያድናል፤ ሹፌሩንም ከሐሜት ይጠብቃል። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ መለጠፉም ለዚህ ምትክ አይሆንም፤ ምርመራው የሚያሳየው የዚያን ቀን ሁኔታ ነው።

በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ሹፌሩ ድምፅ ሲሰማ ቀኑን፣ ቦታውን፣ በየትኛው ጎማ በኩል እንደ ሆነ፣ ሲነሣ፣ ሲቆም፣ ሲታጠፍ ወይስ ጉድጓድ ሲገባ እንደ ተሰማ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ሰብሳቢው ወይም ንብረት ክፍሉ አንብቦ ይፈርም። «ይንኳኳል» ከሚለው ቃል ይልቅ «ከቀኝ፣ መሪ ሲዞር፣ ቆሞ ሳለ» የሚለው ለመካኒኩ የግማሽ ቀን ሥራ ያቃልልለታል። ጥገናው ሲያልቅም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሹፌሩና አንድ የኮሚቴ አባል ድምፁ መጀመሪያ በተሰማበት በዚያው መንገድ ላይ መኪናውን ይሞክሩት። ወደ ደሎ መና የሚወርድ ተሽከርካሪ ከሆነ ይህ ሁሉ ከጉዞው ዋዜማ አስቀድሞ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ይለቅ፤ በሳነቴ አምባና በሐረና ደን መካከል ክሪክ የሚያውስ መንገደኛ እንጂ ጋራዥ አይገኝም።